ሦስት ከሦስት

የደም ግፊት መለኪያውን ማሰሪያ ለሦስተኛ ጊዜ በእትዬ ከድጃ ክንድ ላይ ጠቀለልሁት። ከክርን በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ መተው አለበት፤ በጣቴ ለካሁ፣ ቱቦውን አስተካከልሁ፣ ቁልፉን ተጫንሁ። መሣሪያው አየር መሙላት ሲጀምር እሳቸው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«አሁን እንዳይናገሩ» አልሁ።

«መች ተናገርሁ?»

«አሁን ተናገሩ።»

ደጅ ላይ ሳፋ ታቅፋ ልብስ የምታጥበው ጎረቤታቸው ነጂባ ሳቀች። «እትዬ ከድጃ ዝም ይበሉ ማለት ቦርከና ወንዝን ቁም ማለት ነው» አለች። እትዬ ከድጃ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ በነፃው እጃቸው ዛቱባት።

188 በ112። ታብሌቱ ላይ ጻፍሁት። የመጀመሪያው 192 ነበር፣ ሁለተኛው 190። ሦስቱንም መጻፍ እንጂ ማማረጥ የኔ ሥራ አይደለም።

ግቢው ኮምቦልቻ ነው፤ በአንድ መስመር የተሠሩ ስምንት ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ። ተከራዮቹ አብዛኞቹ የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ከስምንቱ ክፍሎች ለጥናታችን በዕጣ የወጡት ሦስት ነበሩ፤ ሁለተኛው፣ አምስተኛውና ሰባተኛው። እትዬ ከድጃ የሁለተኛው ነዋሪ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ክር ሲያጠነጥኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል።

የጥናቱን ሥልጠና የወሰድነው ደሴ ነው፣ አምስት ቀን። አሠልጣኙ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አስምሮ በአንዱ ጫፍ ዜሮ፣ በሌላው መቶ ጻፈ። የዓለም አገሮች በሙሉ እዚህ መስመር ላይ የየራሳቸው ቦታ አላቸው አለን። ሕክምና ከሚያስፈልገው ሕዝብ ምን ያህሉ ያገኛል? ስንቱ ሕፃን ተከተበ፣ ስንቷ እናት በሐኪም እጅ ወለደች፣ ግፊት ካለበት ሰው ስንቱ መድኃኒት ይወስዳል? ይህ ሁሉ ተጣርቶ፣ ተጣርቶ አንድ ቁጥር ይሆናል። «የአገራችሁን ነጥብ መስመሩ ላይ የምታኖሩት እናንተ ናችሁ» ሲል ሁሉም ቀና አለ። እኔ ጣቶቼን አየሁ።

«የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዬ እትዬ ከድጃን ጠየቅሁ።

«እወስዳለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።»

«ላየው እችላለሁ?»

ተነሥተው ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር አንድ የክኒን እሽግ አወረዱ። ጥጉ ላይ በመርፌ ተበስቶ በቀይ ክር ተንጠልጥሏል። «አይጥ እንዳይደርስበት ነው» አሉኝ። ከአሥሩ ፍሬ ስድስት ቀርቷል። ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን ገለበጥሁ። ጥያቄ ስድስት፦ መድኃኒቱ ታይቷል? አዎ። ጥያቄ ሰባት፦ መድኃኒቱ የታዘዘው ለራስዎ ነው?

«ለኔ ነዋ! ለማን ይሆናል?» ብለው የጤና መድን ደብተራቸውን ከፍራሽ ሥር አውጥተው፣ ፎቷቸውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው አሳዩኝ።

ቀጥዬ ነጂባ ዘንድ ገባሁ። አምስተኛው ክፍል ናት። ባሏ ከደረቅ ወደቡ ዕቃ የሚጭን ሹፌር ነው፤ እሷ በር ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አንቺ በይኝ፤ ገና ሳትለኪኝ አሮጊት አታድርጊኝ።»

ለካኋት፤ 164 በ100። መድኃኒት ትወስዳለች? ትወስዳለች። ላየው? «ደጅ ነው፣ ቆይኝ» ብላ ወጣች። እትዬ ከድጃ ወደ ሳፋው ተጠግተው ቆመው ነበር። ነጂባ ተመልሳ አንድ እሽግ መዳፌ ላይ አኖረች። ስድስት ፍሬ። ጥጉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ክር የለውም።

ስሙን ገለበጥሁ። ቀኑን ገለበጥሁ። ታይቷል፤ አዎ። ጥያቄ ሰባት ላይ ስደርስ ግን ልጠይቃት አፈርሁ። ሰው መድኃኒቱን አውጥቶ እጅሽ ላይ አኑሮልሽ «ይህ የራስሽ ነው?» ማለት፣ ከሰው ቤት ነው ወይ የወሰድሽው ማለት መሰለኝ። እኔ ደግሞ ባለሱቅ መልስ ሲያጎድልብኝ እንኳ መጠየቅ የሚያቅተኝ ሰው ነኝ። ጥያቄውን ሳላነብ «አዎ» የሚለውን ነካሁ።

በሰባተኛው ክፍል ያለችው ሰዒዳ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከደጋን ገጠር መጥታ ፋብሪካ ከገባች አራት ዓመት ሆኗታል። የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ መግባቷ ነበር። ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ማሰሪያውን ሳስርላት በሌላ እጇ ጆሮ ግንዷን ይዛ ነበር።

194 በ122። ደገምሁ። 196 በ122። ሦስተኛው 194።

«ያምሻል?»

«ራሴን ትንሽ። ማሽኑ ይጮሃል፤ እሱ ነው።»

«መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

«እወስዳለሁ» አለችና ቀጥ ብላ ወደ ሳፋው ሄደች። በክፍት በር አየኋቸው። ነጂባ እጇን ከአረፋው አወጣች፤ የሆነ ነገር ተቀባበሉ። እትዬ ከድጃ አጠገባቸው ቆመው ቀዩን ክር ሌባ ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፣ ይፈታሉ፣ ይጠመጥማሉ።

እጄ ላይ የደረሰው እሽግ እርጥብ ነበር። ቀዳዳው ውስጥ የሳሙና ውሃ ገብቶ ትንሽ አረፋ ሠርቷል። ስድስት ፍሬ።

እሽጉ ያው አንዱ መሆኑን አወቅሁ። ሳላውቅ አይደለም «አዎ» ያልሁት። ከግቢው ውጭ የቡድናችን መኪና ጡሩንባ ነፋ፤ ሹፌሩ ሁለተኛ ጊዜ ነፋ። ቅጹ «ታይቷል?» ይላል፤ አይቻለሁ። ጥያቄ ሰባትን ደግሞ ነጂባ ላይ አንዴ ዘልዬዋለሁ። ጣቴ ከኔ ቀድሞ ሄደ። ገጹ አረንጓዴ ሆነና «ሕክምና ላይ ናቸው፤ ክትትላቸውን እንዲቀጥሉ ይምከሩ» አለ።

«ክትትልሽን ቀጥይ» አልኋት።

«እሺ፤ እቀጥላለሁ» አለች፣ ጆሮ ግንዷን ይዛ።

መድኃኒቱ የሷ አይደለም ብዬ ብሞላ ኖሮ ገጹ ቀይ ይሆን ነበር። ቀይ ሲሆን በቦርሳዬ ካለው ሮዝ ጥራዝ ላይ ቁጥር ያለው ወረቀት ቀድጄ እሰጣታለሁ። ያን ወረቀት የያዘ ሰው፣ የመድን ደብተር ኖረው አልኖረው፣ የከተማው ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን እንዲያየው ስምምነት አለ። ከዚያ ጥራዝ ያለ ቀይ ገጽ አንዲት ቅጠል መቅደድ አይቻልም።

መኪናው የሐረጎን ዳገት ሲወጣ መስኮቱን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ወይ ክፈቺው ወይ ዝጊው» አለችኝ። በያንዳንዱ መታጠፊያ ኮምቦልቻ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ታች ትታየኛለች፤ እኔ ስርቅ እሷ ትቀርባለች። 194 በ122። በዚህ ቁጥር ሰው እንደቆመ ሊወድቅ እንደሚችል፣ አንድ ጎኑ ሊሞት እንደሚችል የተማርነው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ።

ደሴ ስንገባ ጉም ወርዷል። አስተባባሪያችን ጸጋው ፒያሳ አካባቢ በተከራየነው ቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር።

«ስመኝ! ነይ እስቲ እይ» አለ። «ግቢሽ ውስጥ ግፊት ያለባቸው ሦስት፣ መድኃኒት ላይ ያሉ ሦስት። ሦስት ከሦስት! በዚህ አያያዝ ኮምቦልቻ ስዊድንን በለጠች።»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ሳልጠጣ ተመለስሁ።

ሌሊቱን ብዙ አልተኛሁም። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጸጋው ቢሮውን ሲከፍት በሩ ላይ አገኘኝ።

«ትናንት ጥያቄ ሰባትን ሁለት ቤት ሳልጠይቅ ሞላሁት» አልሁት። ሌሊቱን በሙሉ ያቀናበርሁት ንግግር ነበረኝ፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

ቁልፉን በር ላይ እንደሰካ ቆመ። እሽጉን፣ ቀዳዳውን፣ አረፋውን ነገርሁት። የሰዒዳን ቁጥር ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ማታ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሰው ነበረ።»

«ሰው ነበረ!» አለ ለበሩ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ስሚ፣ ይህ ቁጥር ዛሬ አሥር ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እኔም አልከፍተውም። ከዚያ በፊት ግን መልሱን የምትለውጪው አንቺ አይደለሽም። እነሱ ናቸው። ሄደሽ ጠይቂ፣ በአፋቸው ሲሉሽ ደውዪልኝ፣ ቅጹን እከፍታለሁ።»

«እሺ።»

«ከተከፈተ ደግሞ ሌላ ቡድን መጥቶ የተመደብሽበትን ሰፈር በሙሉ እንደገና ይለካል። ስምሽም ይመዘገባል። ለሚቀጥለው ዙር ላትጠሪ ትችያለሽ።»

«እሺ።»

«እሺ እሺ አትበይኝ፤ ሂጂ!»

በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረድሁ። ሐረጎ ላይ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ «ልጄ፣ እግርሽን አሳርፊው፤ ወንበሬ ተንቀጠቀጠ» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ እግሬን በቦርሳዬ ተጫንሁት።

ግቢው ስደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰዒዳ ፈረቃ ላይ ናት፤ ስምንት ሰዓት ትወጣለች። ነጂባ በር ላይ ቲማቲሟን በየመደቡ ትደረድራለች።

«ሐኪሟ ተመለሰች» ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች። «እትዬ ከድጃ፣ ማሽኑ ዋሽቶ ኖሯል መሰል!»

«ሐኪም አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ፊትሽ እንደ ሐኪም የጠቆረው?»

እትዬ ከድጃ በረንዳቸው ላይ መስገጃቸውን ያጥፉ ነበር። አሰላሙ አለይኩም አልኋቸው፤ መለሱልኝ፤ ዱካ አወጡልኝ። አልተቀመጥሁም። እሽጉ ቦታው ላይ፣ ምስማሩ ላይ፣ በቀይ ክሩ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ ከድጃ፣ ትናንት ሦስት ቤት ያየሁት እሽግ ያ ነው» አልሁ።

«ነው» አሉ፣ እንዲሁ በቀላሉ።

ይክዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይምላሉ፣ እኔም በቀስታ አስረዳለሁ ብዬ ነበር ያሰብሁት።

«አንድ ነው ያለን፤ የት ሄደን ሌላ እናምጣ?» አሉ። «ሠላሳ ፍሬ በየወሩ ይሰጡኛል። ተራው ደርሶ ራሱን የያዘው ይውጣል፣ ያልያዘው ለሌላው ይተዋል። እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ቁልፍ ያለው ቤት የኔ ስለሆነ። አንቺ አምጡ አልሽ፤ አመጣን። በየቤቱ አሳየንሽ። ምን አጠፋን?»

«መድኃኒቱ ግን ለአንድ ሰው ነው። በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይታለፍ። አሁን ሦስታችሁም እየወሰዳችሁ ሦስታችሁም አልወሰዳችሁም።»

«ወላሂ ልክ እንደ መምህር ነው የምትናገሪው» አለች ነጂባ፣ ከበሩ ሆና።

«አንዳችን ብንሞት የሚቀብረን የቅሬ ማኅበር አንድ ነው» አሉ እትዬ ከድጃ። «ጀናዛዬን የሚያወጡት እነዚሁ ናቸው። እስክሞት ድረስ ያለችኝን ፍሬ ብንካፈል ነውር ሆነ?»

ነውር ነው አላልሁም። ትናንት መድኃኒት ላይ ያሉ ሦስት ከሦስት ተብለው እንደተጻፉ፣ ጥያቄ ሰባትን አሁን በትክክል ልጠይቃቸው እንደምፈልግ፣ ሰዒዳ መድኃኒቱ በስሟ አልታዘዘም ካለች ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ የሚያስገባ ወረቀት እንደምሰጣት ነገርኋቸው። እትዬ ከድጃ መስገጃውን ዘርግተው እንደገና አጠፉት።

«ትጽፊዋለሽ ማለት ነው? የከድጃን መድኃኒት ሌላ ሰው ይውጣል ብለሽ?»

«በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። ስም የለበትም።»

«ቤቱስ? የቤት ቁጥር አለበት?»

«አለበት» አልሁ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ትናንት ዋሽቻለሁ።

«እንግዲያው ከቤቱ ቁጥር እኔን ማግኘት ምን ያቅታቸዋል?» ድምፃቸው አልጨመረም፤ እጃቸው ግን ከመስገጃው አልለቀቀም። «ደብተሬን ቢነጥቁኝስ? ያኔ ሦስታችንም ባዶ እጃችንን ነን። አሁን ቢያንስ ለከፋው ቀን አንድ ፍሬ አለ። አይሆንም፤ ሰዒዳም አትልሽም። እኔ ካላልኋት አትልም።»

«ሰዒዳ የራሷ መድን የላትም?»

«አላት» አለች ነጂባ። «ደጋን ነው፤ ከአባቷ ቤተሰብ ጋር ነው የተጻፈችው። እዚያ ሄዳ ለመታከም ከፈረቃ መቅረት አለባት። ባለፈው ወር እናቷን ልታስታምም ሁለት ቀን ቀርታለች። ሦስተኛ ከቀረች ፋብሪካው ያሰናብታታል። አንቺ ብትሆኚ ትሄጃለሽ?»

ከደጋን ስንት ሰው በመድን ተመዝግቧል ተብሎ ሲጠየቅ ሰዒዳ እዚያም ትቆጠራለች። እዚያ አባል፣ እዚህ ታካሚ፤ በሁለት በኩል ሙሉ ናት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ግቢ ውስጥ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ፣ እስከ አስፋልቱ ሄጄ ተመለስሁ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ይወርዳል። ነጂባ ሦስት ቲማቲም አጥባ ሰጠችኝ፤ አንዱን በላሁ፣ ሁለቱን ረስቼ በእጄ ይዤ ዞርሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጸጋው ደወለ።

«እ?»

«ገና ናት።»

«ሰዓቱን እያየሽ ነው?»

«ሌላ ምን እያየሁ መሰለህ?» አልሁትና በራሴ ደነገጥሁ። እሱም ሳይደነግጥ አልቀረም፤ «አይዞሽ» ብሎ ዘጋው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። የፋብሪካ ሠራተኞች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ በአስፋልቱ ማለፍ ጀመሩ። ከግቢው ስድስተኛ ክፍል ያለችው ገባች፤ ከስምንተኛው ያለችው ገባች። ሰዒዳ የለችም። ስምንት ተኩል ሆነ። መንገዱ ባዶ ሆነ።

«ገበያ ገብታ ይሆናል» አለች ነጂባ። ቲማቲሟን ግን መደርደር አቁማለች።

እትዬ ከድጃ ነጠላቸውን ከገመዱ ላይ ሳቡ። «ሂጂ፣ ቅደሚኝ» አሉኝ። «እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።»

ሮጥሁ። ቦርሳዬ ጀርባዬን ይመታኛል፤ መለኪያው ውስጡ ይንገጫገጫል። ከፋብሪካው በር ሃምሳ እርምጃ ያህል ላይ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻርፗን ዐይኖቿ ላይ አድርጋለች።

«ሰዒዳ።»

«ማነሽ?» ሻርፑን ገለጥ አደረገችና ጠበብ አድርጋ አየችኝ። «የማሽኗ ልጅ ነሽ? አላየሁሽም፤ ዐይኔ ላይ ጭስ አለ። ትንሽ ልቀመጥና ይገፈፋል ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአራት ሰዓት። ክሩ ሲበጠስ አላየው እያልሁ፤ አለቃዬ ተቆጣኝ።»

ክንዷን ጉልበቴ ላይ አሳርፌ ለካኋት። ሁለቱን ጣት በትክክል ለመተው ሁለት ጊዜ አሰርሁት። 208 በ128። አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለብኝ፤ አምስት ደቂቃ በሕይወቴ እንዲያ ረዝሞብኝ አያውቅም። 206 በ128።

እትዬ ከድጃ እያለከለኩ ደረሱ። ነጂባ ክንዳቸውን ይዛ ነበር፤ ቲማቲሙን ማን ላይ እንደጣለችው አላውቅም። እትዬ ከድጃ ጎንበስ ብለው የሰዒዳን ፊት በመዳፋቸው ያዙ።

«አብሽሪ» አሏት። «ታይኛለሽ?»

«ቀይ ነገር ይታየኛል።»

ጣታቸው ላይ ከእሽጉ የፈቱት ቀይ ክር ነበር።

እኔ ታብሌቱን ከፈትሁ። ዘጠኝ ከሩብ ይላል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዐይኔን መሬት ላይ ሳልተክል ለመጠየቅ ወሰንሁ። «ሰዒዳ፣ ትናንት ያልጠየቅሁሽ ጥያቄ አለ። ያሳየሽኝ መድኃኒት የታዘዘው ለራስሽ ነው?»

ሰዒዳ ፊቷን ወደ እትዬ ከድጃ አዞረች። ማየት ባይሆንላትም የት እንዳሉ ታውቃለች። እትዬ ከድጃ ዝም አሉ። ቦርከና የቆመ ያህል ነበር።

«የኛ ነው» አለች ሰዒዳ።

«የሐኪም ትእዛዙ በስምሽ ነው?»

«የኛ ነው አልሁሽ።»

«በያት» አሉ እትዬ ከድጃ።

«እትዬ—»

«የከድጃ ነው በያት፤ ለኔ አልታዘዘም በያት። የከድጃን ደብተር ከነጠቁ መጥተው ከከድጃ ይንጠቁ።» ወደኔ ዞሩ። «ጻፊ፤ የቤቱንም ቁጥር አስተካክለሽ ጻፊ። ሁለተኛው በር ነው፤ ተሳስተሽ ሌላ ሰው ቤት እንዳትልኪያቸው።»

«ለኔ አልታዘዘም» አለች ሰዒዳ። «ሐኪም አይቶኝ አያውቅም። የባሰብኝ ቀን ነው የምውጠው። የዛሬው ቀን የነጂባ ነበር።»

«የኔ ነበር፤ ግን ትናንት ማታ ላንቺ ተውሁልሽ» አለች ነጂባ። «ለምን አልዋጥሽውም?»

«አንቺም ራስሽን ይዘሽ ስላየሁሽ።»

ለጸጋው ደወልሁ። «በአፏ አለች» አልሁት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። የቁልፍ ሰሌዳው ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ከዚያ «ተከፍቷል» አለ። ጥያቄ ሰባት ላይ «አይደለም» ብዬ ነካሁ፤ ገጹ ቀላ። ሮዙን ጥራዝ አወጣሁ፣ ቁጥሩን አስገባሁ፣ በጉልበቴ ላይ ደግፌ ጻፍሁ፣ ቀደድሁ።

ባጃጁ አራት ሰው አይጭንም፤ ጫነን። ነጂባ ከሹፌሩ ጎን በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። «ቀስ በል፣ ግፊት ነው የጫንከው» ትለዋለች። «እንዲያውም ቶሎ በል!» ትለዋለች። ልጁ የቱን ይስማ።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ወረቀቱን በሁለት በኩል ገለባብጦ አየና አሳለፈን። ነርሷ ቁጥሩን ስታነብ ከወንበሯ ተነሣች። ሰዒዳን ወደ ውስጥ አስገቡ። የሚዋጥ አንድ ፍሬ ሰጧት፤ አልጋ ላይ አስተኟት፤ በየሩብ ሰዓቱ ይለኩ ጀመር። ካልወረደ ደሴ ሪፈር እንላታለን አሉ። የሷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ ዕድሜዋን ጠይቀው ካርድ አወጡላት። እትዬ ከድጃ ካርዱን ከነርሷ እጅ ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ማንበብ እንደማይችሉ የገባኝ ያኔ ነው፤ ተገልብጦ ነበር የያዙት።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን። አሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

«የኔንስ?» አለች ነጂባ።

«ምኑን?»

«ጥያቄሽን ነዋ። እኔንም አልጠየቅሽኝም።»

ጠየቅኋት። ለኔ አልታዘዘም አለች፤ አስተካከልሁ። የሷ ቁጥር ቀይ የሚያደርስ አልነበረም፤ ቢጫ ሆነ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ያግኙ ይላል። ነገ እመጣለሁ አለች፣ እንደማይመጡ ሰዎች ሁሉ። ከዚያ እትዬ ከድጃን አየቻቸውና «ወላሂ እመጣለሁ» አለች።

እትዬ ከድጃ ዘንድ ስደርስ የሚለወጥ መልስ አልነበረም፤ ለሳቸው ታዝዟል፣ ታይቷል። ግን ከሥር «በየቀኑ ይወስዱታል?» የሚል ጥያቄ አለ። ትናንት ሲመልሱልኝ አዎ ብለው ነበር።

«በየሦስት ቀኑ በይ» አሉ። «ሲሻለኝ በየአራት ቀኑ።»

ላክሁት። ስልኬ ወዲያው ጮኸ፤ ጸጋው ነው። «ደርሷል» አለኝ። «ስዊድን እፎይ ብላለች። ልጅቷስ?»

«ገና እየለኳት ነው።»

«አንቺስ?»

«አላውቅም» አልሁ፤ እውነቴን ነበር። ሰኞ ሌላ ቡድን ይመጣል፤ ስሜ አንድ ቦታ ተጽፏል። እትዬ ከድጃ ደግሞ በየወሩ የምትመጣውን ሠላሳ ፍሬ እያሰቡ ነው መሰል፣ ክሩን ከጣታቸው ላይ ፈትተው በትንሹ ጠቅልለው ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ከተቱት፤ እንደገና አወጡት።

ነርሷ በበሩ ብቅ አለች። «178 በ110» አለች። «እየወረደ ነው። ገና ትቆያለች፤ ዛሬ ግን ደሴ መሄድ ላያስፈልጋት ይችላል። ዐይኗ ላይ ያለው ጭስ ሳስቷል። እናቷ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» አሉ እትዬ ከድጃ፣ ሳያመነቱ።

ነጂባ ወደኔ አየች፤ ይህንንም ትጽፊው ይሆን ብላ። ሳቅሁ፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከውስጥ የሰዒዳ ድምፅ መጣ። «የማሽኗ ልጅ አለች? ሦስት ከሦስት ነበራችሁ ማለትሽን ነጂባ ነግራኛለች። ቁጥርሽን አበላሸሁብሽ?»

«አንድም አላበላሸሽም» ብዬ ወደ በሩ ጮኽሁ። በጤና ጣቢያ ኮሪደር ውስጥ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።

እግሬ ሥር ያለው መለኪያ ገና እንደተፈታ ነበር፤ ከግራሩ ሥር በጥድፊያ ቦርሳዬ ውስጥ የወረወርሁት። አወጣሁት። ማሰሪያው ላይ የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ በጥፍሬ ለቀምሁ። ጭኔ ላይ ዘርግቼ የቀረውን አየር በመዳፌ ገፍቼ አወጣሁት፤ ቱቦውን ሦስት ዙር ጠቀለልሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን ገጠምሁ፣ ከአግዳሚው ሥርም ገፋ አድርጌ አኖርሁት።